ሶፍትዌሩ ይገለበጣል፤ ዕውቀቱስ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ የወላጆችና የወጣቶች ምሽት ላይ፣ በፋብሪካ ቁጥጥርና በኮምፒውተር ሥራ የተሰማሩ አባላት ካቀረቡት ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርዕስ «የፋብሪካ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በቨርቹዋል ማሽን ላይ» የሚል ነው። ርዕሱ ሲነበብ ከመካከላችሁ «ይሄ የኢንጂነሮች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» ያላችሁ እንዳላችሁ እንገምታለን። እኛ ግን ያገባናል እንላለን። ከወላጆቻችን ብዙዎቹ ወደዚህ አገር ከመጡ ጀምሮ በፋብሪካ፣ እኛው እንደለመድነው እንበለውና በሚፍዓል፣ በሌሊትና በቀን ፈረቃ ሲሠሩ ኖረዋል። ከልጆቻቸው ደግሞ ጥቂት የማንባል ኮምፒውተር ተምረናል። እነዚህ ሁለት ሥራዎች በአንድ ቤት ውስጥ እያሉ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ይኖራሉ። ዛሬ የምንነግራችሁ ነገር ሁለቱን የሚያገናኝ ነው።

በመጀመሪያ ፋብሪካው ውስጥ ምን እንዳለ እንይ። ለምሳሌ የባሕርን ውሃ ጨው እየለየ የመጠጥ ውሃ የሚያደርገውን ፋብሪካ እንውሰድ። አሽቀሎን ያለው እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሐዴራ ያለው በ2009፣ ሶሬቅ ያለው ደግሞ በ2013 ሥራ ጀምረዋል። ዛሬ ማታ ሻይ ያፈላንበት ውሃ ሳይቀር ከእነዚህ ከአንዱ የመጣ ሊሆን ይችላል። የባሕሩ ውሃ በቧንቧ ይሳባል፣ ይጣራል፣ ከዚያ በጣም ኃይለኛ በሆኑ ፓምፖች ሜምብሬን በሚባል ስስ ማጣሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ይገፋል። ግፊቱ 60 ባር ያህል ይደርሳል። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት ከ2 ባር ትንሽ ከፍ ይላል፤ እንግዲህ ልዩነቱን አስቡት። ውሃው ያልፋል፣ ጨው የበዛበት ቀሪው ወደ ባሕር ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ማን ያዛል? ከታች ስንጀምር ግፊትን፣ ሙቀትንና የውሃን ፍሰት የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። ከነሱ ቀጥሎ በብረት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ፒኤልሲ የሚባል ትንሽ ጠንካራ ኮምፒውተር አለ። ፓምፑን የሚያስነሳውና የሚያቆመው፣ ቫልቩን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። ከሱ በላይ ደግሞ ስካዳ የሚባለው የቁጥጥር ሶፍትዌር አለ። በመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ሠራተኛው የሚያየው ትልቅ ስክሪን፣ ቀይ የሚያበራው ማስጠንቀቂያ፣ «ትናንት ማታ በ3 ሰዓት ግፊቱ ስንት ነበር?» ሲባል መልስ የሚሰጠው መዝገብ፣ ሁሉም ከዚህ ሶፍትዌር የሚመጡ ናቸው። ሶፍትዌሩ የሚሠራው ደግሞ በተለመደው ዊንዶውስ ላይ ነው፤ እኛ ቤት ባለው ዓይነት ማለት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ፋብሪካ የሚሠራው ለ20 እና ለ30 ዓመት ነው። ኮምፒውተር ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ከሠራ ደህና ሠርቷል ይባላል። ዊንዶውስም ያረጃል። ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ወጣ፤ ማይክሮሶፍት እሱን መጠገን ያቆመው ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ነው። ዊንዶውስ 7 ደግሞ ጥር 14 ቀን 2020 ተራው ደረሰ። ፓምፑ ገና ጎልማሳ ሳለ የሚያዘው ኮምፒውተር ሸምግሏል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን በአዲስ አይተካም? ሶፍትዌሩ የተሠራው ለዚያ ለአሮጌው ዊንዶውስ ስለሆነ አዲሱ ላይ እምቢ ይላል። አዲሱን የሶፍትዌር ዓይነት መግዛት ውድ ነው፤ ከተገዛም በኋላ ስክሪኖቹን ሁሉ እንደገና መሥራት፣ እያንዳንዱን ፓምፕና ቫልቭ እንደገና መፈተሽ፣ ለዚህም ፋብሪካውን ማቆም ያስፈልጋል። ስለዚህ «የሚሠራውን ነገር አትንካው» ተብሎ ይተዋል። በየፋብሪካው ጥግ አቧራ የጠጣ፣ ማንም የማያጠፋው፣ «አይነካ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ኮምፒውተር ያያችሁ ወላጆች ትኖራላችሁ። ያ ሳጥን አንድ ቀን ዲስኩ የሞተ እንደሆነ መለዋወጫው በገበያ የለም።

ቨርቹዋል ማሽን የመጣው ለዚህ ነው። ነገሩን በምንኖርበት ሕንፃ እንመስለው። አንድ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ይኖራል። እያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ ወጥ ቤት፣ የራሱ ቆጣሪ አለው። በሩን ከዘጋ በኋላ ጎረቤቱ ምን እንደሚያበስል አያይም። መሬቱ፣ ጣሪያውና ዋናው የውሃ ቧንቧ ግን የጋራ ነው፤ እሱን የሚያስተዳድረው ቫዓድ ባይት ነው። ቨርቹዋል ማሽንም እንዲሁ ነው። ሕንፃው አንድ ትልቅ ሰርቨር ነው። ቤተሰቦቹ በውስጡ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ናቸው፤ አንዱ ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ሌላው አዲስ ዊንዶውስ፣ ሦስተኛው ሊኑክስ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ ሳጥን ያለው ይመስለዋል። ማኅደረ ትውስታውን፣ ዲስኩንና ኔትዎርኩን የሚያካፍለው ቫዓድ ባይት ሃይፐርቫይዘር ይባላል።

ከሁሉ የሚጠቅመው ይሄ ነው፦ ቨርቹዋል ማሽን በመጨረሻ በዲስክ ላይ የተቀመጠ ፋይል ነው። ፋይል ደግሞ ይገለበጣል፣ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ይዛወራል። ከሥር ያለው ብረት ሲያረጅ አዲስ ብረት ይገዛና ፋይሉ ወደዚያ ይሄዳል። ውስጥ ያለው አሮጌው ዊንዶውስ ቤት መቀየሩን እንኳ ብዙም አይሰማውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም በ1972 ለታላላቅ ኮምፒውተሮቹ ቪኤም/370 የተባለውን አውጥቷል። በተራ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ያስፋፋው በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ቪኤምዌር ነው። ወጣቶቹ ግን አንድ ነገር እንዲያውቁ እንፈልጋለን። ኬቪኤም የሚባለው፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የሊኑክስ ሃይፐርቫይዘር የተሠራው እዚሁ እስራኤል ውስጥ፣ ኩምራኔት በሚባል ትንሽ ድርጅት ነው። በ2007 መጀመሪያ የሊኑክስ አካል ሆነ። ሬድ ሃት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2008 ድርጅቱን በ107 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የጉግል ደመና ዛሬ የሚሠራው በኬቪኤም ነው። ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ የተሠራ ነገር ነው፤ ሩቅ አገር ያለ ምሥጢር አድርገን አንየው።

ታዲያ ለፋብሪካው ምን ይጠቅመዋል? አንደኛ፣ እንዳልነው፣ ከሚያረጅ ሳጥን ይገላግለዋል። ሁለተኛ፣ ሁለት ሰርቨሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡና አንዱ ቢወድቅ፣ በላዩ የነበሩት ማሽኖች በሌላው ላይ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነሣሉ። በነዚያ ደቂቃዎች ስክሪኑ ይጨልማል፤ ፒኤልሲው ግን በሳጥኑ ውስጥ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል። ሦስተኛ፣ የፋብሪካውን ሶፍትዌር ቅጂ ለብቻው አስነስቶ መሞከር ይቻላል። አዲስ ሠራተኛ እውነተኛውን ፓምፕ ሳይነካ ይለማመድበታል፤ ቢያበላሸው ቅጂው ይጣልና ሌላ ይነሣል።

እንዲህ ስንል «እንግዲያው ነገ ሁሉንም እናዛውር» የሚል ሥራ አስኪያጅ አይጠፋም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። በዚህ ሥራ ላይ ልብ ሊባሉ የሚገባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ እንንገራችሁ፤ ወጣቶች በተለይ አድምጡ።

ዱሮ አንድ ኮምፒውተር ሲበላሽ አንድ ስክሪን ብቻ ይጠፋ ነበር። አሁን ሁሉም በአንድ ሰርቨር ላይ ከተጫኑ፣ ሰርቨሩ ሲወድቅ ሁሉም አብረው ይወድቃሉ። ስለዚህ ሰርቨሮቹ ቢያንስ ሁለት ሊሆኑ፣ የኤሌክትሪክ መስመራቸውም ሊለያይ ይገባል። አንዱ የሌላው ተጠባባቂ ተብለው የተሠሩ ሁለት ማሽኖች በአንድ ሰርቨር ላይ መቀመጥ የለባቸውም። ተጠባባቂው ከዋናው ጋር አብሮ ከሞተ ምን ተጠባባቂ ይባላል?

ስናፕሾት የሚባል ነገር አለ። የማሽኑን የዚያች ቅጽበት ሁኔታ ይይዝና፣ ነገር ሲበላሽ ወደዚያ ይመልሳል። አንድ ነገር ከመቀየር በፊት በጣም ይጠቅማል። ግን በዕብራይስጥ ጊቡይ የምንለውን፣ መጠባበቂያ ቅጂን አይተካም፤ የሚቀመጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነውና ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ለወራት ከተረሳም እያበጠ ሄዶ ዲስኩን ይሞላና ማሽኑን ያቆማል። እውነተኛው መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ቦታ፣ ከኔትዎርኩ ተነጥሎ ይቀመጣል፤ በየጊዜውም «እውነት ይነሣል ወይ?» ተብሎ ይፈተናል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን እኮ ይህንኑ ነው።

ፈቃድ ያለው መሆኑን ለማሳየት አሮጌ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ በኮምፒውተሩ ጀርባ የሚሰካ ቁልፍ ይፈልጋል። አዳዲሶቹ ሰርቨሮች ያ ዓይነት መሰኪያ የላቸውም። ከመዛወሩ በፊት ሶፍትዌሩን የሠራውን ኩባንያ «በቨርቹዋል ማሽን ላይ ትደግፉታላችሁ? ቁልፉስ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል።

ሰዓትም አለ። ቨርቹዋል ማሽን የራሱ የሰዓት ብረት ስለሌለው ሰዓቱ ሊዛነፍ ይችላል። ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ፓምፕ ሲቆም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ብዙ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። የትኛው ቀድሞ እንደመጣ ካልታወቀ፣ ምክንያቱና ውጤቱ ይደበላለቃሉ። ሁሉም ማሽኖች ከአንድ የታመነ ምንጭ ሰዓት መቀበል አለባቸው።

ደግሞም አሮጌው ዊንዶውስ አዲስ ቤት ስለገባ አይታደስም። በ2014 ያልተጠገነው ቀዳዳ ዛሬም ክፍት ነው። ስለዚህ ያ ማሽን ከኢንተርኔትም ከቢሮው ኔትዎርክም ተለይቶ መኖር አለበት። ሰው ሲጎዳ ማሽኑን የሚያቆመው ቀዩ የአደጋ ቁልፍና የደኅንነት መቆጣጠሪያው ደግሞ በራሱ ሽቦ፣ በራሱ መሣሪያ ይሠራል። እሱን ወደ ቨርቹዋል ማሽን እናምጣ የሚል ካለ በጊዜ ተው በሉት።

ይህን ሁሉ የምንዘረዝረው ጠላት ስላለም ነው። ሚያዝያ 2020 የእስራኤልን የውሃ መሥመሮች መቆጣጠሪያ ለማጥቃት እንደተሞከረ የአገሪቱ የሳይበር ባለሥልጣን ራሱ ተናግሯል። ኅዳር 2023 ደግሞ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ፣ አሊኪፓ በምትባል ከተማ፣ የውሃ ግፊት የሚጠብቅ እስራኤል ሠራሽ መቆጣጠሪያ ተጠቃ። የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር መሥሪያ ቤት ስለ ጥቃቱ ሲያስጠነቅቅ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያልተቀየረ የይለፍ ቃል ለአጥቂዎች በር እንደሚከፍት አሳስቧል። ሠራተኞቹ መሣሪያውን ነቅለው ሥራውን በእጅ ቀጠሉ፤ ሕዝቡም ውሃ አልተቋረጠበትም።

ከዚያ በፊት መጋቢት 2019 ኖርስክ ሃይድሮ የተባለው የኖርዌይ የአሉሚኒየም ኩባንያ፣ ወደ 35,000 ሠራተኛ ያለው ማለት ነው፣ ፋይሎቹን ቆልፎ ገንዘብ በሚጠይቅ ሶፍትዌር ተመታ። ኩባንያው ገንዘቡን አልከፈለም። ያዳኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ለብቻው የተቀመጠ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ኮምፒውተሮቹ እስኪነሡ ድረስ በወረቀትና በእጅ ማሠራት የቻሉ ሰዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዋናው ነገራችን እዚህ ነውና።

ቨርቹዋል ማሽን በጥቂት ደቂቃ ይገለበጣል። የሰው ዕውቀት ግን አይገለበጥም። ሃያ ዓመት በፈረቃ የሠራ ሰው ፓምፑ ሊበላሽ ሲል ድምፁ እንደሚለወጥ ያውቃል። ስክሪኑ ላይ «ሁሉ ደህና» ቢልም፣ እጁን ቧንቧው ላይ አድርጎ «ይሄ ደህና አይደለም» ይላል። የትኛው ቫልቭ በክረምት እንደሚጠብቅ፣ የትኛው መለኪያ ሁልጊዜ ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ ምን መነሣት እንዳለበት ያውቃል። ይህ ብዙ ጊዜ በየትኛውም ማኑዋል አልተጻፈም። ሰውዬው ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይወጣል።

ወላጆቻችን እኮ አሁን ጡረታ እየወጡ ነው።

በየፋብሪካው የምናየው ክፍተት እንዲህ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ሰርቨር ያውቃል፣ ግን በፈረቃ መካከል ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሣት ለምን ነውር እንደሆነ አይገባውም። የፋብሪካው ሠራተኛ ማሽኑን ያውቃል፣ ግን «ሰርቨር» ሲባል የኔ ጉዳይ አይደለም ብሎ ይተዋል። ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ሰው ጥቂት ነው። እኛ ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ በሁለት ቋንቋ መካከል ቆመን ያደግን ነን። ለወላጆቻችን የባንክ ደብዳቤ ያነበብን፣ ሐኪም ቤት ያስተረጎምን ልጆች ነን። ይህ ሥራም ማስተርጎም ነው፤ በፓምፑና በሰርቨሩ መካከል።

ለወጣቶቻችን እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። ከባግሩት ወይም ከሠራዊት በኋላ ምን እንማር ለምትሉ፣ ሃንዴሳኢ የሚለውን መንገድ አትናቁት። በኤሌክትሪክ ትምህርት ውስጥ የቁጥጥር ዘርፍ አለ፤ በሶፍትዌርና በኔትዎርክም እንዲሁ። አንዱን በትምህርት ቤት ተማሩ፣ ሌላውን በግላችሁ ያዙ። ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። 16 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ቨርቹዋልቦክስን በነፃ አውርዱ፣ በውስጡ ሊኑክስ ጫኑ። ስናፕሾት ያዙ፣ ሆን ብላችሁ አበላሹት፣ መልሱት። ከዚያ በሁለተኛ ማሽን ኦፕንፒኤልሲ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫኑና ታንክ ሲሞላ ፓምፕ የሚያቆም ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። በሦስተኛው ደግሞ የታንኩን ከፍታ የሚያሳይ ስክሪን ሥሩ። ሦስቱ ሲነጋገሩ ስታዩ አንድ ትንሽ ፋብሪካ ላፕቶፓችሁ ውስጥ አላችሁ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ይህን ከፍታችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። የተማራችሁትን በእውነተኛ ፋብሪካ ኔትዎርክ ላይ ያለ ፈቃድ አትሞክሩ። ላፕቶፑ ውስጥ የሚሰበረው ይመለሳል፤ እዚያ የሚሰበረው ግን ሰው ይጎዳል።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ለእናንተም ልመና አለን። ልጃችሁ ኮምፒውተር ላይ አምሽቶ ስታዩት «ጨዋታህን ተው» ከማለታችሁ በፊት «ምን እየሠራህ ነው? አሳየኝ» በሉት። እናንተም ሥራችሁን ንገሩት። «እኔ ተራ ሠራተኛ ነኝ፣ ምን የሚነገር አለኝ» አትበሉ። ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ ምን ታያላችሁ? ስክሪኑ ቢጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? አንድ ሌሊት ነገር ተበላሽቶ እንዴት አዳናችሁት? የፋብሪካውን ምሥጢር አውጡ ማለታችን አይደለም፤ ሥራውን እንዴት እንደምታስቡት ንገሯቸው ማለታችን ነው። በአማርኛ ንገሯቸው። ልጆቹ የዕብራይስጡንና የእንግሊዝኛውን ቃል ራሳቸው ያገኙታል።

ከመካከላችን አንዳንዶቻችን መጀመሪያ የፓምፕን ጠባይ የተማርነው ከመምህር ሳይሆን ቡና ላይ ከተነሣ ወሬ ነው። በኋላ ሰርቨር ፊት ስንቆም የጠቀመን ያ ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሰንበት ከገባ በኋላ ስልኩ ሲዘጋና ቤተሰቡ ማዕድ ላይ ሲሰበሰብ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «አባዬ፣ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ያንን ማሽን እንዴት ነው የምታሠራው?» ከዚያ ዝም ብላችሁ አድምጡ። ረጅም መልስ ይኖረዋል።

 ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወጣቶች ከሻይ በኋላ እንገናኝ፤ የመጀመሪያውን ማሽን አብረን እናስነሣለን። ወላጆችም አጠገባችን ተቀመጡ፤ ታንኩ መቼ ሞላ እንደሚባል የምትነግሩን እናንተ ናችሁ።